በ42 ዓመቷ መድረክ ላይ የወጣችው ነርስ

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል በነርስነት 19 ዓመት አገልግያለሁ፤ ዕድሜዬ 43 ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ የአማተር ቴአትር ቡድን ጋር ልምምድ ጀምሬአለሁ፤ ቤተሰቦቼ ግን «በዚህ ዕድሜሽ!» እያሉ ቅር ይሰኙብኛል። «ዴስፐሬት ሃውስዋይቭስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ አሮጊቷን ጎረቤት፣ ሚስዝ መክላስኪን ሆና የተጫወተችው ሴት ወደ ትወና የገባችው ዘግይታ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እንዴትስ ሆነላት?
አንዲት ነርስ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እውነት ነው፤ የቀድሞ ሙያዋም የእርስዎው ነበር። ካትሪን ጁስተን እ.ኤ.አ. በ1939 የተወለደች አሜሪካዊት ስትሆን (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ ትወናን ሙያዬ ከማለቷ በፊት በቺካጎው ማይክል ሪስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነበረች። የሥነ አእምሮ ሐኪም አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች፤ በ1980 ትዳሩ ሲፈርስ ግን ኑሮን ለመግፋት የሰው ቤት እስከ መቀባትና የግድግዳ ወረቀት እስከ መለጠፍ ደርሳለች። እናቷ ሳይሠሩት በቀሩት ነገር እየተጸጸቱ መሞታቸው ከልቧ አልወጣ ብሏት ኖሮ፣ በ42 ዓመቷ የአካባቢዋ ነዋሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው ወደሚሠሩት ቴአትር ገባች።

ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። የጁስተን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወራው ከሆስፒታል ተነሥታ ሆሊውድ እንደገባች ተደርጎ ነው፤ በመካከሉ ግን ከ10 ዓመት በላይ የፈጀ፣ እምብዛም የማይነገርለት ልፋት አለ። በ1992፣ በ52 ዓመቷ፣ ኦርላንዶ ፍሎሪዳ በሚገኘው የዲዝኒ የስቱዲዮ መናፈሻ የመንገድ ላይ ተዋናይት ሆና ተቀጠረች። ትኬት ቆርጦ፣ መብራት ጠፍቶለት የተቀመጠ ተመልካች በሌለበት፣ ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ሌላ መዝናኛ የሚጣደፈውን መንገደኛ ማቆም ምን ያህል እንደሚከብድ አደባባይ ላይ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ወደ ሆሊውድ የሄደችው በ1995 ነው፤ ዕድሜዋ 55 ደርሶ ነበር።

በቴሌቪዥን ትንንሽ ሚናዎችን ስትሠራ ቆይታ፣ በ1999 በተጀመረው፣ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት በሚተርከው «ዘ ዌስት ዊንግ» ድራማ ላይ የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ሚስዝ ላንዲንግሃም ሆነች። ብስኩት የሞላበት ማሰሮ ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጣል፤ የአገር መሪ እንኳ ቢሆን ያለ እሷ ፈቃድ አይነካውም። በአንድ የገና ክፍል ላይ መንትያ ወንዶች ልጆቿ በ1970 የገና ዋዜማ ዳ ናንግ፣ ቬትናም ውስጥ መገደላቸውን ለወጣቱ የቢሮ ባልደረባዋ ትነግረዋለች። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ የሥራ ጉዳይ እንደምታስረዳ ሰው ተናግራ፣ ልጆቿ እንደሚናፍቋት ብቻ ትጨምራለች። ያንን እርጋታ በየተረኛነቷ የሰው ሕመም ስትሰማ ከኖረች ነርስ በቀር ማንም ሊያመጣው አይችልም ብለን እናምናለን፤ እርስዎም ቢያዩት ወዲያው የሚያውቁት ይመስለናል።

በ2001 ገጸ ባሕርይዋ በመኪና አደጋ እንድትሞት ተደረገ። ጁስተን ራሷ የረጅም ዘመን አጫሽ ስለነበረች በዚያው ዓመት የሳንባ ካንሰር እንዳለባት ተነገራት፤ ታክማ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እርስዎ ያነሷት የጎረቤቲቱ ሚና በ2005 እና በ2008 በእንግዳ ተዋናይት ዘርፍ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥራዎች ሽልማት የሆነውን ኤሚን አስገኝቶላታል፤ የመጀመሪያውን ስትቀበል 65 ዓመቷ ነበር። ካንሰሩ በ2009 እንደገና ታየባት። ድራማው ግንቦት 13 ቀን 2012 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍሉ ሚስዝ መክላስኪን በካንሰር ሲያሳርፋት፣ ጁስተን ራሷ 20 ቀን ቆይታ ሰኔ 2 ቀን በ72 ዓመቷ አረፈች።

«እንዴትስ ሆነላት?» ላሉት፣ ከሃያ ዓመት ወጣቶች ጋር በወጣት ሚና አልተፎካከረችም፤ ስሟን ያስጠሩት ጸሐፊዋና ጎረቤቲቱ ዕድሜዋንና ያየችውን ኑሮ የሚጠይቁ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ስለዚህ እህታችን፣ ደመወዝዎን ሳይለቁ ልምምዱን ተረኛ ባልሆኑባቸው ቀናት ይቀጥሉ፤ ቡድንዎ የእናትን ወይም የአክስትን ሚና ሲሰጥዎም አነሰኝ ብለው እንዳይመልሱት።