ውቅያኖስ ዳር ስላሉ ጥልቀት የለሽ ሐይቆች ጠይቁኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለነዚህ ሐይቆች አንድ ሁለት ነገር ብዬ ጥያቄው በውስጥ መስመር ስለበዛብኝ እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። የማወራው ከውቅያኖስ በአሸዋ ክምር ብቻ ስለተለዩ፣ አንዳንዴ አሸዋ በሚደፍነው አንድ ጠባብ አፍ ከባሕር ስለሚገናኙ፣ ከላይ ደግሞ ወንዝ ስለሚገባባቸው ሐይቆች ነው፣ ያው የኤስቹዋሪ (የወንዝና የባሕር ውሃ የሚቀላቀልበት ቦታ) ዓይነት ናቸው። ውሃቸውን ስለካ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ጉዳዩ ከልቤ ነው።

ጥያቄ፦ ጥልቀት የለሽ ስትል ስንት ሜትር ነው?

መልስ፦ አውስትራሊያ ያለው ኢላዋራ ሐይቅ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2 ሜትር አካባቢ ነው። የደቡብ አፍሪካው ሴንት ሉሲያ ሲሞላ ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ በአማካይ 1 ሜትር ገደማ ነው፣ አስቡት፣ አብዛኛው ቦታ ቆመህ ወገብህ ድረስ ነው'ኮ። እና ይሄ ሁሉን ነገር ይወስናል። ብርሃን ወለሉ ድረስ ስለሚደርስ የባሕር ሣር ይበቅላል፣ ነፋስ ግማሽ ቀን ከነፈሰ ደግሞ ጭቃው ተነስቶ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ሐይቁ ውስጥ ለምን አይታይም?

መልስ፦ አፉ ጠባብ ነዋ። ውሃው በዛች ጉሮሮ ገብቶ ሐይቁን ሳይሞላው ባሕሩ መልሶ መጉደል ይጀምራል። ውጪ ከአንድ ሜትር በላይ የሚወጣና የሚወርደው ባሕር ውስጥ ሲደርስ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ዳር ዳሩን የሚሸተው ነገር ምንድነው? ፍሳሽ እየለቀቁበት ነው አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሳሽ የሚለቀቅበት ቦታ አለ፣ ግን ሽታው ሁሉ ከሱ አይደለም። እግርሽን ጭቃው ውስጥ ስትከቺ ከላይ ስስ ቡናማ ነገር አለ፣ ከስሩ እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ከዛ አረፋ ቡልቅ ይልና የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የባሕር ሣሩና አልጌው ተነቅሎ ነፋስ ዳር ላይ ይከምረዋል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎቹ የባሕር ውሃ ውስጥ ወዳለው ሰልፌት (ድኝ ያለበት ጨው) ይዞራሉ፣ ከዛ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው የሚሸተው፣ ጥቁረቱ ደግሞ ይሄው ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ ነው። በተፈጥሮም ትንሽ ትንሽ ይኖራል። የሚያባብሰው ግን ከላይ ከእርሻና ከከተማ ጎርፍ ይዞት የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፣ አልጌውን የሚያፋፋው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አፉን ለዘለቄታው ከፍቶ በባሕር ውሃ ማጠብ አይሻልም?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ኢላዋራ ላይ ይሄንኑ አድርገዋል፣ አፉ ግራና ቀኝ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶለት በፈረንጆቹ 2007 ላይ ሁለተኛው ሲያልቅ ከዛ ወዲህ አልተዘጋም። አፉ አካባቢ ያለው ውሃ ጠርቷል፣ እውነት ነው። ግን ውሃው በኃይል ሲገባና ሲወጣ ቦዩን እየቦረቦረ አሰፋው፣ ሲሰፋ ተጨማሪ ውሃ ይገባል፣ ሲገባ ደግሞ ይቦረቡራል፣ ዳርቻው መሸርሸር ጀመረ፣ ሐይቁ ውስጥ ያለው የውሃ መውጣትና መውረድም ጨመረ። ከአፉ ርቀው ያሉት ጥጎች ደግሞ የባሕሩ ውሃ ያን ያህል አይደርሳቸውም፣ የወንዙ ቆሻሻ የሚያርፈው ግን እነሱ ጋ ነው። እኔ እንደማምነው አፉን መክፈት መድኃኒት አይደለም፣ ገንዘቡ ላይኛው ተፋሰስ ላይ መዋል አለበት።

ጥያቄ፦ አፉ ተዘግቶ ዝናብ ሲጥልስ? ቤታችን ውሃ ሲገባበት ዝም እንበል?

መልስ፦ አይ፣ ዝም አይባልም፣ ስጋታችሁ ይገባኛል። ብዙ ቦታ ውሃው የተወሰነ ከፍታ ላይ ሲደርስ አፉን በማሽን ይከፍታሉ። ኤክስካቫተሩ አሸዋው ላይ ጠባብ ቦይ ይቆፍራል፣ መጀመሪያ የሚሄደው ውሃ ቁርጭምጭሚት እንኳን አይሸፍንም፣ ከዛ ዳርና ዳሩ አሸዋ እየተናደ ይወድቃል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተራምደህ ያለፍከው ቦይ የማይሻገሩት ወንዝ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው፣ ሐይቁ በደንብ ሞልቶ ባሕሩ መጉደል ሲጀምር ካልሆነ ውሃው አሸዋውን የሚጠርግበት ጉልበት ስለማይኖረው ማዕበሉ በቀናት ውስጥ መልሶ ይደፍነዋል። ሌላው፣ ከታች ኦክስጅን ያጣ ውሃ ተኝቶ ከሆነ ስትከፍተው ላይኛው ደህናው ውሃ ቀድሞ ይወጣና ዓሣው ከመጥፎው ጋር ይቀራል፣ በጅምላ ያልቃል። ስለዚህ ሳይለኩ መክፈት ያሳስበኛል። እና ዝቅ ያለ ዳርቻ ላይ አዲስ ቤት እንዲሠራ መፍቀድ ደግሞ መጪውን ጣጣ ከወዲሁ መፈረም ነው።

ጥያቄ፦ ሴንት ሉሲያን አንስተሃል፣ እዛ ምን ተፈጠረ?

መልስ፦ የምፎሎዚ ወንዝና ሐይቁ አፋቸው አንድ ነበር። ወንዙ የሚያመጣው ደለል ያስፈራል ተብሎ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ ለያዩዋቸው፣ በዚህም ሐይቁ ትልቁን የወንዝ ውሃ አጣ። ከዛ 2002 ላይ በድርቅ ምክንያት አፉ ተዘጋና ለዓመታት አብዛኛውን ጊዜ እንደተዘጋ ቆየ፣ 2006 ላይ አብዛኛው የሐይቁ ወለል ደርቆ ነበር፣ በቀረው ውሃ ላይ ጨዉ ከባሕር ውሃ በብዙ እጥፍ በለጠ። በኋላ ወንዙን መልሰው ማገናኘት ያዙ፣ 2021 ጃንዋሪ ላይ ደግሞ አፉ በማሽን ተከፈተ፣ እሱም እስካሁን ያከራክራል። ደለሉን ሸሽተው ውሃውን አጡ፣ ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ።

ጥያቄ፦ ጥቁሩን ጭቃ በድሬጅ (ከውሃ ስር በሚቆፍር ማሽን) ማውጣትስ?

መልስ፦ ለጀልባ መንገድ ይሆናል። ለውሃው ጤና ግን ምንጩ ካልቆመ ተመልሶ ይሞላል፣ ሲቆፈር ደግሞ ሥሩ ያለውን ሣር ይዞት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ መሣሪያ የለኝም፣ ሐይቁ እየተሻለው ይሁን እየባሰበት በምን ልወቅ?

መልስ፦ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ጉልበትህ ድረስ ግባና ጣትህ ይታይህ እንደሆነ እይ። ሁልጊዜ እዛው ቦታ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላም ሳይጥልም፣ ቀኑን እየጻፍክ። ሣሩ ከዳር ስንት እርምጃ ድረስ እንደሚሄድም ቁጠር፣ ወደ ጥልቁ የሚሄደው እርምጃ ከዓመት ዓመት ካነሰ ብርሃኑ እየቀነሰ ነው ማለት ነው።