ማርስ ላይ ጎማ ሲበላሽ ማን ይቀይራል?

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ከአዳማ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የአሜሪካኖች ሮቦት ማርስ ላይ በ14 ዓመት 45 ኪሎ ሜትር ሄደች ሲባል ሰማሁ። ይህ ምን ጉዞ ይባላል? ደግሞስ ጎማዋ ቢበላሽ ማን ይቀይርላታል?

መልስ፦ እርስዎ የሚነዱት መንገዱን እያዩ ነው። ካሊፎርኒያ የተቀመጠው የናሳ ነጂ ግን ትእዛዙ ማርስ እስኪደርስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ምላሹም እንዲሁ። ፍሬን ያዝ ብሎ ቢልክ መኪናዋ ገደል ከገባች በኋላ ነው የሚደርሳት። ስለዚህ የመጡትን ፎቶዎች አይቶ የቀኑን መንገድ በሙሉ አስቀድሞ ይጽፍላት ነበር። በራሷ እንቅፋት እየሸሸች ስትሄድም 10 ሰከንድ ተጉዛ 20 ሰከንድ ቆማ ትመለከት ነበር። ደግሞ የተላከችው ድንጋይ ልትመረምር እንጂ ጭነት ልታደርስ አይደለም፤ የተሠራችውም ለ90 የማርስ ቀናት ብቻ ነበር። እኔ እንዲያውም አብዝታዋለች እላለሁ።

የጎማው ጥያቄ ይበልጥ ደስ ብሎኛል። የሚቀይር የለም፤ ስኮርታም የለም። ጎማዎቹ ስድስት ናቸው፤ አየር የማይሞሉ፣ ከአሉሚኒየም የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሞተር ያላቸው። የኦፖርቹኒቲ እኅት ስፒሪት እ.ኤ.አ. በ2006 የቀኝ ፊት ጎማዋ አልዞር አለ። ነጂዎቹም ወደ ኋላ እየነዷት የሞተውን ጎማ ያስጎትቷት ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ያ የሚጎተት ጎማ መሬቱን ሲፍቀው ከሥሩ ነጭ አፈር ብቅ አለ፤ ሲመረመር 90 በመቶ ያህሉ ንጹሕ ሲሊካ (ብርጭቆ የሚሠራበት ማዕድን) ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ክምችት የሚፈጠረው ፍል ውሃ ወይም የእሳተ ገሞራ እንፋሎት በነበረበት ቦታ ነው። በአፋር በኩል ሲያልፉ ከመሬት የሚፈላ ውሃ አይተው ከሆነ ሳይንቲስቶቹ ለምን እንደፈነጠዙ ይገባዎታል። ጎማው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በላዩ ተንከባሎ ያልፍ ነበር።

አሸዋውን ግን አልጠየቁኝም፤ የእነዚህ መኪኖች ዋና ጠላት እሱ ነው። ኦፖርቹኒቲ በ2005 ተቀርቅራ ነጂዎቹ እዚህ ምድር ላይ አሸዋ አዘጋጅተው በአምሳያዋ እየተለማመዱ አምስት ሳምንት ያህል ፈጅተው አወጧት። ስፒሪት በ2009 ስትቀረቀር ግን አንድ ተጨማሪ ጎማ ሞተባት፤ በቀሩት አራት ጎማዎች ሊያወጧት አልቻሉም። የመጨረሻ መልእክቷ የደረሰው በመጋቢት 2010 ነው፤ እስከዚያ የሄደችው 7.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።