ትንፋሿ ቆም ሲል

ጥያቄ፦ በ33 ሳምንቷ የተወለደች ልጄ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሳምንቷ ነው። ተኝታ ሳለ ትንፋሿ ቆም ይልና ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ያሰጋል? (እናት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆሞ በራሱ የሚቀጥል ትንፋሽ፣ መተንፈስን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ገና ስላልጠነከረ የሚመጣ ነው፤ መልኳ ካልተለወጠ አያስደነግጥም። 20 ሰከንድ ከደረሰ፣ ወይም ከንፈሯና ምላሷ ከጠቆረ ግን ውስጥ እግሯን እያሹ ወዲያው በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ሲነጋ እናያለን አይበሉ!

ረጋ ስትል ልብሷን ገልጠው ትንፋሿን ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ60 ካለፈ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ከሰረጎደ ወይም ካቃሰተች እንደዚሁ ይሂዱ።

ደረትዎ ላይ፣ ገላ ለገላ ይታቀፏት፤ ሙቀቷም ትንፋሿም ይረጋጋል። አገጯ ግን ደረቷ ላይ አይደፋ፤ አየር መግቢያዋ ይታጠፋል። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ እሷ ካለችበት ቤት ይውጣ።