«ሀገራችን በሰማይ ነው» እና የምርጫ ካርዴ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምርጫ ካርድ ላወጣ ስል የማኅበራችን አንዲት ታላቅ እህት «ሀገራችን በሰማይ ነው፤ ፖለቲካ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ግራ ገባኝ። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቃሉ እውነት ነው። ፊልጵስዩስ 3፥20 ላይ አለ። ግን ጳውሎስ የጻፈው ለማን ነበር? ለፊልጵስዩስ ሰዎች። የከተማዋ ሹሞች እሱንና ባልደረባውን ሲላስን በዚያችው ከተማ ያለ ፍርድ በአደባባይ አስገርፈው አስረዋቸዋል። በማግስቱ ሹሞቹ በስውር ሊያስወጧቸው ሲሉ ጳውሎስ እምቢ አለ። የሮም ዜጎች ነንና ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ (ሐዋ. 16፥37)። መጥተውም ለመኗቸው። በከተማዋ ለሚቀሩት አዳዲስ አማኞችም ያሰበ ይመስለኛል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ የምርጫው ዕለት፣ እሑድ ነበር። እናቴ አስቀድሳ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ መሽቶ ነበር። እግሯ አብጦ ገባች። ማንን እንደመረጠች ግን ለእኛም አልነገረችንም።

ስለዚህ ካርድሽን አውጪ። ማንን እንደምትመርጪ እኔም ሆንኩ ካህንሽ ልንነግርሽ አይገባም። ማቴዎስ 25ን አንብቢና ጠይቂ፦ ይህ ሰው ቢመረጥ የታሰረው፣ የተራበው፣ ቋንቋዬን የማይናገረው ጎረቤቴ ምን ይሆናል? ከዚያችም እህት ጋር አትኳረፊ፤ ቡና ጠጡና ተነጋገሩበት።