«ክፍል ያዢልኝ» ስንባባል ማስጠንቀቂያ ተጻፈብን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። 49 ዓመቴ ነው። እዚህ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዓመት ተኩል ወዲህ የወር አበባዬ ቅጥ አጣ። ሁለት ወር ይጠፋና ሲመጣ እንደተከፈተ ቧንቧ ነው። ሌሊት በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሙቀት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን ያነደዋል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ «ወደ ማረጡ እየሄድሽ ነው» ተባልኩ፤ የደም ማነስም ተገኘብኝ።

እንዲህ ያለን ስድስት ሴቶች ነን፤ አራት መምህራን፣ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ። በየወሩ 200 ብር እናዋጣለን። ቤተ መጻሕፍቱ መሳቢያ ውስጥ ሞዴስ፣ ትርፍ ጉርድ ቀሚስና ማራገቢያ አስቀምጠናል። አንዷ ሲብስባት ሌላዋ ክፍሏን ትይዝላታለች። የስፖርት መምህሩም ይተባበረናል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ ለእኔና ለአንዲት ጓደኛዬ «በቡድን ሥራ በማስተጓጎል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠን። ሦስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ በማርፈዴ ከ9,800 ብር ደመወዜ 1,400 ብር ተቆረጠ። በስብሰባ ላይ «ሙቀት የሚነሳባቸው ቤታቸው ቢያርፉ ይሻላል» ተብሎ ተሳቀብን። አሁን ደግሞ «በጤናዬ ምክንያት በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሚ እያሉኝ ነው። እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት የምትሠራ እህቴ «እዚህ እኮ ሕግ አለው» ትለኛለች። እኛ አገርስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ወረቀት እንዳይፈርሙ። «ቤቴ ወስጄ ላንብበው» ብለው ቅጂውን ይቀበሉ። ካልሰጡዎት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በፈቃዴ ለቀቅሁ ብሎ የፈረመ ሠራተኛ ቆይቶ ያለአግባብ ተባረርኩ ብሎ መክሰስ ይከብደዋል። ተገድጄ ነው ማለት ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን የፈራሚው ዕዳ ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ አሰናብቶዎት ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ፍርድ ቤት ወደ ሥራዎ እንዲመለሱ ሊያዝ ይችላል። መመለሱ ካልሆነ የቀን ደመወዝዎ በ180 ተባዝቶ ካሳ ይሆናል፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ (አሠሪ ከማሰናበቱ በፊት አስቀድሞ የሚሰጠው ጊዜ) ክፍያም ይጨመርበታል። በእርስዎ ደመወዝ ካሳው ብቻ ወደ ስድስት ወር ደመወዝ ይጠጋል። በአንዲት ፊርማ የሚቀረው ይህ ነው። ወረቀቱን አዘጋጅተው የሚጠብቁዎትም ለዚሁ ይመስለኛል።

እህትዎ ያለችው እውነትም ነው፣ አይደለምም። እንግሊዞች ማረጥን በስሙ ጠርቶ የሚጠብቅ አንቀጽ በ2010 የእኩልነት ሕጋቸው (በፈረንጆች አቆጣጠር) ውስጥ የላቸውም። ተከራካሪዎቹ የሚገቡት በዕድሜ፣ በፆታና በአካል ጉዳት አንቀጾች በኩል ነው። የእኩልነትና የሰብዓዊ መብት ኮሚሽናቸው በ2024 ለአሠሪዎች ማብራሪያ ያወጣውም ይህንኑ ለማስረዳት ነው። በአህጉራችን ደግሞ ዛምቢያ ለሴት ሠራተኛ በየወሩ አንድ ቀን ያለ ሐኪም ወረቀት ፈቃድ ትሰጣለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቀን የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሴት ሠራተኞች የሚናገረው ክፍል ስለ እርግዝናና ወሊድ ብዙ ይላል። ስለ ማረጥ አንድ ቃል አይገኝበትም። ሕጉ ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ አካሏ ሥራውን የጨረሰ መስሎታል።

ታዲያ በስም አልተጠራም ማለት ባዶ እጅዎን ነዎት ማለት አይደለም። የአዋጁ አንቀጽ 85 ስለ ሕመም ፈቃድ ሲናገር የበሽታ ዝርዝር አልሰጠም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጪ በሆነ ሕመም መሥራት ካልቻለ ፈቃድ ያገኛል፤ በቃ። ማረጥ በራሱ በሽታ አይደለም፤ እናቶቻችንም አርጠው አርሰዋል፣ ፈጭተዋል። ብዙ ደም መፍሰስ፣ ከዚያ የመጣ የደም ማነስና ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ማደር ግን ሐኪም የሚጽፍባቸው ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ወረቀትዎ ላይ «ማረጥ» ተብሎ ብቻ እንዳይቀር። ሐኪሙ የደም ማነሱን አይቶ ስንት ቀን እረፍት እንደሚያስፈልግዎት ይጻፍ። ወረቀቱ መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም መሆን አለበት። የሰፈር ፋርማሲ ማስታወሻ አይሠራም።

ፈቃዱ ከመጀመሪያው የሕመም ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ነው። የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። «በተለያየ ጊዜ» የምትለዋን ይያዟት፤ ለእናንተ ዓይነቱ ችግር የተጻፈች ትመስላለች። ዛሬ አንድ ቀን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት ቀን መውሰድ ይቻላል ማለት ነው። በሕመም የቀሩ ቀን ደግሞ አሠሪው ካላወቀና ማሳወቅ የሚከለክል ነገር ከሌለ ቢዘገይ በማግስቱ ያሳውቁ። ስልክ ከደወሉ በኋላ በቴሌግራም አንድ መስመር ይጻፉ። ደውዬ ነበር ያለ ሰው ማስረጃ የለውም፤ መልእክት ግን ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል።

ወረቀቱን ኮሪደር ላይ ለምክትሉ እጅ በእጅ አይስጡ። በታሸገ ፖስታ ለሰው ሀብት ያስገቡና ቅጂው ላይ «ገቢ ሆኗል» አስብለው ያስፈርሙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። የእርስዎ ማኅፀን የስታፍ ስብሰባ አጀንዳ አይደለም።

አሁን ወደ መሳቢያችሁና ወደ «ክፍል ያዢልኝ» ልምጣ። ደብዳቤዎን ሳነብ ደስ ያለኝም ስጋት የገባኝም እዚህ ላይ ነው። እኔም ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ችሎት ፊት ያንን ጥቁር ካባ ለብሼ ክርክር በጀመርኩበት ቅጽበት ሙቀቱ ሲነሳብኝ ዳኛው «ጠበቃ፣ ፈራሽ እንዴ?» እንዳይሉኝ ስሳቀቅ ኖሬያለሁ። እንደ እናንተ መሳቢያ ቢኖረኝ ስንት ቀን በተገላገልኩ። ስድስት ሰው 200 ብር አዋጥቶ ሞዴስና ማራገቢያ ቢገዛ የሚከለክል ሕግ የለም። ዕቁብና ዕድር ስንጥል ማንን አስፈቅደን እናውቃለን? ገንዘቡን የምትይዘዋ በደብተር ትመዝግብ፣ በየወሩ ሁላችሁም ፈርሙ፣ አለቀ። ደብተሩ ትምህርት ቤቱን ሳይሆን እናንተኑ እርስ በርስ ከመጠራጠር ያድናችኋል።

ክፍል መያዙ ግን ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 13 ሠራተኛ በውሉ የተቀጠረበትን ሥራ ራሱ እንዲሠራ ይላል። አሠሪው ሳያውቅ የ7ኛ «ለ» ሒሳብን የስፖርት መምህሩ ሲይዝ፣ ምክትሉ «ልጆቹ ሳይማሩ ቀሩ» ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው። ልጆቹ ያለ መምህር አልቀሩም፤ ሰው ተተክቶላቸዋል። ስለዚህ «ሥራ በማስተጓጎል» የሚለውን በጽሑፍ ይቃወሙት። የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን፣ ለስንት ደቂቃ ያለ መምህር እንደዋለ ይግለጹልኝ ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ የእነሱ ዝምታ ለእርስዎ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ደብዳቤዎ አልነገረኝም፤ እኔ ግን መጠየቅ አለብኝ። አንዳችሁ ስለ ሌላዋ ፈርማችሁ ታውቃላችሁ? የመግቢያ ሰዓት መዝገብ ላይም ይሁን የትምህርት ክፍለ ጊዜ መከታተያው ላይ? ካደረጋችሁት ዛሬውኑ አቁሙ። ማርፈድና መቅረት ማስጠንቀቂያ ይፈልጋሉ፤ በሥራ ላይ ማታለል ግን በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ያስባርራል። ለጓደኛ አዝኖ የፈረመ ሰው «ለጥቅሜ አይደለም» ብሎ ሲከራከር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ፊርማው ግን እዚያው ወረቀት ላይ ተቀምጧል። ክፍል ይያያዙ፤ መዝገቡ ላይ ግን ክፍሉን የያዘችው ሰው በራሷ ስም ትፈርም።

በነገራችን ላይ ምክትሉ ክፍለ ጊዜን «ፔሬድ» ሲሉ ይውላሉ አይደል? አፋቸው የሚተሳሰረው የሌላኛው ፔሬድ፣ የወር አበባው ነገር ሲነሳ ነው።

ማርፈዱን በተመለከተ አንቀጽ 27 ቁጥር አስቀምጧል። በጽሑፍ እየተሰጠ ባለ ማስጠንቀቂያ፣ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ነው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ወዲያውኑ የሚያሰናብተው። የእርስዎ ሦስት ነው። እዚያ አልደረሱም፤ ግን እየተቆጠረ ነውና ከአሁን በኋላ ምክንያትዎ በወረቀት ይደገፍ።

1,400 ብሩ ግልጽ ነው ማለት ይቻላል። በአንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ ደመወዝ የሚቆርጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። «ከደመወዟ አንድ ሦስተኛ አላለፈም» ብለው እንዳያታልሉዎት። አንድ ሦስተኛው ጣሪያው ነው፤ ምክንያቱ ከሌለ ጣሪያው ስር መሆኑ አያድናቸውም። ያልተሠራበት ሰዓት አይከፈልም ቢሉም ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ አንድ ሰዓት ነው። የቀን ደመወዝዎ ወደ 327 ብር ስለሆነ የአንድ ሰዓት መዘግየት ከአራት ቀን በላይ ደመወዝ በልቷል። የቆረጡበትን የደንብ አንቀጽ እንዲያሳዩዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። ደግሞ አይዘግዩ፤ የደመወዝ ጥያቄ ክፍያው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይታገዳል። ከሥራ ቢያሰናብቱዎትና መመለስ ቢፈልጉ ያለዎት ሦስት ወር ብቻ ነው።

የስብሰባው ሳቅ ላይ ቶሎ ካሳ አገኝ ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። አዋጁ አሠሪ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዛል፤ በፆታ ማዳላትንም ይከለክላል። አንድ ቀልድ ብቻውን መዝገብ አያስከፍትም። ቀልዱ፣ ቅጣቱና «ልቀቂ» የሚለው ወረቀት በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ሲመጡ ግን ዳኛ አንድ ላይ ያነባቸዋል። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በቃልና የነበሩትን ሰዎች ዛሬ ማታ ይጻፉት።

የጽዳት ሠራተኛዋ በኤጀንሲ በኩል የመጣች ከሆነ አሠሪዋ ኤጀንሲው ነው። የሐኪም ወረቀቷን እዚያ ታስገባ። ይህን የሚያነቡ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ደግሞ የሚገዛችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነውና ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ለራሳችሁ አትውሰዱ። የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የሆነች አንባቢም በሥራ መሪነት ከዚህ አዋጅ ውጪ ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። አንዲት አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ ስድስታችሁም ባትፈርሙ ፈቃደኞቹ ይበቃሉ። «በሐኪም ማስረጃ የተደገፈ የጤና ችግር ላለባቸው ሠራተኞች በድንገት ክፍል የሚተካ መምህር ዝርዝር በዩኒት ሊደሩ እንዲያዝ፣ የተተካችውም ክፍለ ጊዜውን በሳምንቱ ውስጥ እንድትመልስ እንዲፈቀድ እንጠይቃለን» ይበሉ። ያው የምታደርጉትን ነው በወረቀት ያስቀመጣችሁት። እምቢ ካሉ የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለው፤ አቤቱታ መቀበል ሥራው ነው። ሠራተኛ ፍርድ ቤት ሲሄድም የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። በትምህርት ቤታችሁ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፤ ያኔ ነገሩ በኅብረት ስምምነት ውስጥ ይገባል።

ሐኪምዎን ግን ለወረቀቱ ብቻ ብለው አይሂዱ። ደሙ እንዲህ ከበዛ ይመርመሩ። የወር አበባ ዓመት ሙሉ ከጠፋ በኋላ ደም የምታይ ካለችም ከመካከላችሁ ሳትውል ሳታድር ትታይ።

ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ጨምሩልኝ። ያ ደም የሚያሳብቅ የመምህራን ነጭ ጋውን ጥቁር ሰማያዊ ይሁንልን በሉ።