መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለማስተማር፦ ቋንቋው ይቅደም ወይስ ዲግሪው?

የልዩ ፍላጎት ትምህርት እያጠኑ መሆንዎን፣ ሲመረቁም መስማት በተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ለማስተማር እንደሚፈልጉ፣ የምልክት ቋንቋውን ግን ሥራ ከያዙ በኋላ ለመማር እንዳሰቡ ጽፈውልኛል። ምርጫዎን እደግፋለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ምክንያቴን በአሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ ከተከፈተው ትምህርት ቤት ታሪክ ላስረዳዎ።

ከትምህርት ቤቱ መሥራቾች አንዱ ቶማስ ጋሎዴት መስማት ለተሳናት ለጎረቤቱ ልጅ ለአሊስ ኮግስዌል የትምህርት መንገድ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1815 ወደ ብሪታንያ ተጓዘ። በዚያ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ትምህርት ቤቶች የያዘው የብሬይድዉድ ቤተሰብ የማስተማሪያ ዘዴውን በምስጢር የሚጠብቅ ስለነበር ሊስማሙ አልቻሉም። ስለዚህ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት የፓሪስ ተቋም ሄዶ በምልክት ማስተማርን አጠና፤ በ1816 ሲመለስም የተቋሙን መምህር ሎራን ክሌርን ይዞ መጣ። ክሌር ራሱ መስማት የተሳነው ነበር። በመርከቡ ላይ ክሌር እንግሊዝኛ፣ ጋሎዴት ደግሞ የምልክት ቋንቋ ሲማሩ ሰነበቱ። ትምህርት ቤቱ በ1817 ሲከፈት እንግዲህ ጋሎዴት ቋንቋውን መማር ከጀመረ ቆይቷል፤ እሱን ያስተማሩትም እንደ ክሌር ያሉ የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው። ክሌር እስከ 1858 ድረስ በዚያው አስተማረ።

የተቃራኒው ምሳሌ መስማት ስለተሳናቸው ልጆች ትምህርት በ1880 በጣሊያን፣ ሚላን የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሰሚ የሆኑ ተሳታፊዎች ልጆቹ በአፍ ንግግር ብቻ እንዲማሩ ወሰኑ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የምልክት ቋንቋ ከክፍል ተባረረ፣ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ሥራቸውን አጡ። ውሳኔው በይፋ ውድቅ የተደረገው በ2010 በካናዳ፣ ቫንኩቨር በተካሄደው ጉባኤ ነው።

ስለዚህ ሳይመረቁ ይጀምሩ። የአማርኛን ፊደላት በእጅ ቅርጽ የምናሳይበት የእኛው የጣት ፊደል እንኳን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ የሚለይ በመሆኑ በአንድ ኮርስ የሚያልቅ አይደለም፤ ፊደሉም ቢሆን የቋንቋው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ስለሚያስተምር፣ ከዚያ ኮርስ መውሰድ ወይም ክፍል መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን መስማት ከተሳናቸው አዋቂዎች ጋር በየሳምንቱ የሚገናኙበትን ዕድል ይፈልጉ፤ ቢቻል በአቅራቢያዎ ባለ ትምህርት ቤት መስማት በተሳነው መምህር ሥር በበጎ ፈቃድ ያገልግሉ። ያ መምህር ሲያርምዎ ያለ አስተርጓሚ መረዳት ሲችሉ የሥራ ማመልከቻዎን ይጻፉ።