ብዕር እምቢ ላላት ልጅ

ልጄ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። ስልክ ላይ መጻፍ አልሆንልህ ብሎኝ በወረቀት ጻፍኩት፤ የልጅ ልጄ ናት የገለበጠችው። የዘገየሁት ለዚያ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሌሎች ልጆችም ስላሉ እነሱም ያንብቡት ብያለሁ። ስምሽን አላነሳም።

ልብ ወለድ ጀምረሻል። ሦስት ምዕራፍ ሄዶልሻል። አራተኛው ላይ፣ አባትየው ወደ ቤት የሚመለስበት ቦታ ላይ፣ ቀጥ ብለሻል። «ጋሼ፣ ቁጭ እላለሁ፣ ግን አይመጣልኝም፤ ምን ላድርግ?» ነው ጥያቄሽ። ከጥያቄው በፊት ግን አንድ ነገር ጣል አድርገሽ አልፈሻል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቴሌግራም ላይ ለጥፈሻቸው ነበር። አጎትሽ አንብቦ «ይሄ ስለ እኛ ቤት ነው እንዴ?» ብሎ ደወለልሽ። አንቺ እንደ ቀልድ ነው የጻፍሽው። እኔ ግን እዚያው ላይ ቀረሁ። ሌሊቱንም እንቅልፍ ነሳኝ።

ለእኔም አንድ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ ያውቃል። ያውም በቀይ እስክሪብቶ።

1976 ዓ.ም. ነው። በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ቀን የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፣ ማታ የራሴን እሞካክራለሁ። የከፍተኛችን የኪነት ቡድን አንድ ተውኔት ጻፍልን አለኝ። (ከፍተኛ ከቀበሌ በላይ የነበረ አስተዳደር ነው፤ እናንተ አልደረሳችሁበትም።) ታዳሚው በመፈክርና በመዝሙር ተሰላችቷል። የሚያስቅ ነገር ፈለጉ። እኔም ስለ አንድ ግቢ ጻፍኩ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ብዙ ተከራይ። ጠቡን አስቢው። መሐል ላይ ያለችው ሰው አንዲት አሮጊት ናት። አሮጊቷ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ስሟን ብቻ ነው የቀየርኩት።

አክስቴ የቡልጋ ሰው ነች። ጉለሌ ነበር ቤታችን። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። እንዝርቷን እያሾረች ስታወራ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ቆሞ ይሰማታል። በነገር ትወጋለች፣ ግን ማንም አይቀየማትም። ጳጉሜን ሲቃረብ ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነበራት፦ «ዘንድሮስ ክረምቱ አልወጣ አለ።» እንጨቱ ረጥቦ ቤቱ በጭስ ይታፈናል። በርበሬ የሚሰጣበት ፀሐይ የለም። ነገሩ ይኸው ነው። እኔም እንዳለ ወስጄ ሦስተኛው ገጽ ላይ በአሮጊቷ አፍ አስቀመጥኩት።

ጽሑፉን በታይፕ አስመትተን አስገባን። ያኔ ሳይመረመር መድረክ የሚወጣ ነገር የለም። ከወራት በኋላ ተመለሰልን። አልተከለከለም። በየገጹ ግርጌ ማኅተም አለ። እዚህም እዚያም ትንንሽ እርማት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ያቺ የክረምቷ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰምሮባታል። ኅዳጉ ላይ በጣም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ምን ማለት ነው?» ይላል።

ስለ ዝናብ ነው! ምን ልበል?

ላስረዳ ሄድኩ። ቢሮው የትኛው እንደነበር ይቅር። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ሻይ አዘዘልኝ። ሁለት ጊዜ ሳቀ፤ ተውኔቱ አስቆታል። «እኔማ ገብቶኛል» አለኝ። «ሌላው ሰው ግን ምን ብሎ ይረዳዋል?» ለዚህ መልስ የለውም። ሌላው ሰው ማን እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ያ ወቅት ምን ዓይነት እንደነበር ካልነገርኩሽ አይገባሽም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አወጣ። መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። እኛ ሥራ ቦታ ስሙ የሚነሳው በሹክሹክታ ነበር። እኔ ራሴን ከበዓሉ ጋር ላወዳድር አይደለም፤ የእኔ ተውኔት ስለ ቧንቧ ነው። ፍርሃት ግን ትልቅ ትንሽ አይልም።

ዓረፍተ ነገሯን አወጣኋት። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሥሯ «እንጨቱም አልያዝ አለ» የሚል ነበር። እሱስ ምን ማለት ነው? አወጣሁት። ቀጥሎ ጎረቤቲቱ «ውኃው መጣ!» ብላ ትጮሃለች። የምን ውኃ? ማን ነው የሚመጣው? አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፣ ያን ጊዜ ግን አላስቀኝም። አንድ ቀን «ቡናው ፈላ» ብዬ ጽፌ ረጅም ሰዓት ፊደሎቹን ሳያቸው ቆየሁ። በመጨረሻ ወረቀቱን ገለበጥኩና ተኛሁ። ቡድኑም ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ነገር አሳየ።

እንዲህ ሆኜ ዓመታት ሄዱ። ሰው ሲጠይቀኝ «ጊዜ አጣሁ» እላለሁ። አንዳንዴም «ሐሳብ አልመጣልኝም» እላለሁ፤ ይሄኛው ደግሞ ትንሽ ክብር ያለው ይመስላል። ሐሳቡ ሞልቶ ነበር። እጄን ወረቀት ላይ ሳሳርፍ ግን ያ ሰውዬ ሻዩን ይዞ አጠገቤ ይቀመጣል። ከዚያ 1983 መጣ፤ መንግሥት ተለወጠ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን ሻረ። ጓደኞቼ ደስ አላቸው፣ በየቀኑ አዲስ ጋዜጣና መጽሔት ይወጣል። እኔም በደስታ አዲስ ደብተር ገዛሁ። ተቀመጥኩ። ምንም! ቢሮው ተዘግቷል፣ ሰውየው ግን እኔ ቤት ገብቶ ተደላድሏል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በእነዚያ ዓመታት ጨርሶ አልጻፍኩም ስል ውሸቴን ነው። የሰፈር ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የእድሩ ሰዎች ማታ መጥተው «ቀብሩ ነገ በ6 ሰዓት ነው፣ እባክህ» ይሉኛል። ሐዘንተኞቹ መሐል እቀመጣለሁ። አንዱ «ጣልያን ሲገባ ተወለደ» ይላል፣ ሌላዋ «የለም፣ ያኔ ፍየል ይጠብቅ ነበር» ትላለች። ከዚያ ልጆች ይቆጠራሉ። ከውጭ የተወለደው ልጅ ስሙ ይነበብ አይነበብ በሚለው ላይ ጠብ ይነሳል። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ እጨርሳለሁ። እጄ አንዴም ቆሞ አያውቅም። እኔ ግን ይሄን እንደ መጻፍ አልቆጥረውም ነበር።

ሥራ ቦታ ከጎኔ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ግዕዙን እሳቸው ያርማሉ፣ አማርኛውን እኔ። ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ናቸው። «እኛ ጋ አልመጣልኝም ብሎ ነገር የለም» ይሉኝ ነበር። የቅኔ ተማሪ ቀን ደበሎውን ለብሶ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ማታ የኔታ ፊት ነገራ አለ። የረባም ያልረባም የቆጠረውን ይዞ መቅረብ ነው። የኔታ ያርሙታል። ጀማሪ የሚጠየቀው ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) ብቻ። ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ያማረ ቅኔ እንኳ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ ለነገ ሌላ ነው። እኒህ ሰው ሰዓት ሲያልፍብኝ ለአለቃ የሚሸፍኑልኝ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ምሳ የሚበሉት ሁልጊዜ ብቻቸውን ነው፣ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። የነገሩኝን የዚያን ጊዜ ሰማሁት እንጂ አላዳመጥኩትም።

አክስቴ በ1987 ዓ.ም. አረፈች። እስከ መጨረሻዋ በየበዓሉ «ያቺ አሮጊትህ ምን ደረሰች?» ትለኝ ነበር። ተውኔቱ ውስጥ እንዳለች ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። እኔም «እየጻፍኩ ነው» እላታለሁ። ማንበብ አትችልም። እሷ እየፈተለች አንድ ገጽ ባነብላት ምን ነበረበት? ጉዳዩ የመድረክ ጉዳይ ሆኖብኝ፣ የፈቃድ ጉዳይ ሆኖብኝ፣ አጠገቤ ያለችውን ሰው ዘለልኳት። መልእክትሽ የቀሰቀሰብኝ ይሄንን ነው።

የሕይወት ታሪኳን መጻፍ ለእኔ ወደቀ። ማታ ጀመርኩ። «ከአባቷ ከአቶ…፣ ከእናቷ ከወይዘሮ…» ብዬ እንደ ልማዴ ገባሁበት። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ስለ እንዝርቷ ጻፍኩ። ስለ ቧንቧው ጠብ ጻፍኩ። ክረምቱ አልወጣ ማለቱን ጻፍኩ። ሲነጋ ወረቀቱ ተቆልሎ አገኘሁት። የቤተሰቡ ታላቅ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና የቧንቧውን ጠብ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰረዙት። «ሙት ወቃሽ ታደርገናለህ» አሉኝ። «ደግሞ አንድ ገጽ ይበቃል።» በሐዘን መሐል ሳቅ አመለጠኝ። የክረምቱን ነገር ግን አልነኩትም። መቃብር ላይ ሲነበብ ጎረቤቶቿ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

የተረፉትን ገጾች ወደ ቤት ወሰድኳቸው። የመጀመሪያ መጽሐፌ ከእነሱ ነው የወጣው።

እና ልጄ፣ አንቺ ሐሳብ አላጣሽም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ አባትየው ወደ ቤት ሲመለስ አጎትሽ ቀድሞ ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ከእሱ ጋር አትከራከሪ። እኔ ከዚያ ሰውዬ ጋር ዓመታት ተከራክሬያለሁ፤ በክርክር አይወጣም። ይልቅ ሌላ ሰው አምጪና አስቀምጪ። ይሄ ነገር ሲነገረው «ምን ማለት ነው?» የማይል፣ «ከዚያስ?» የሚል ማነው? እህትሽ ትሁን፣ የዶርም ጓደኛሽ ትሁን፣ አላውቅም። ምዕራፉን ለእሷ ጻፊው። ሲያልቅ አንብቢላት፤ በድምፅ፣ በአካል። ቮይስ መላክ አይቆጠርም።

መለጠፉንም ተይው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። እናንተ ልጆች ሊጡ ሳይቦካ እንጀራውን ታድላላችሁ። ግማሽ ግጥም ይለጠፋል፣ ልብ ይቆጠራል፣ ልቡ ካነሰ ግጥሙ ይጠፋል። ማኪያቶ አዝዞ ላፕቶፕ ከፍቶ ፎቶ መነሳት ደግሞ ሌላው ነው። የእኔ ዘመን ሰው መርማሪ በመንግሥት ተመድቦበት ነበር። እናንተ በፈቃዳችሁ ብዙ ሺህ ቀጥራችኋል። (የልጅ ልጄ ይሄን ስትገለብጥ «አያቴ፣ አንተም እኮ ፌስቡክ ላይ ስንት ሰው ላይክ እንዳደረገልህ ትጠይቀኛለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው።)

ማንበብ እንዳለብሽ አልነግርሽም፤ የማያነብ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም። በየቀኑ ጻፊ የሚለውንም ምክር ብዙ አልወደውም። እኔ በየቀኑ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ካልመጣልኝ ተነስቼ በእግሬ እስከ ሽሮ ሜዳ እሄዳለሁ። ቢሆንም የቅኔ ቤቱ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ሁለት ቤት ብቻ፣ ማታ ከሚሰማ ሰው ጋር። ምናልባት ይሄ በየቀኑ ከመጻፍ ብዙም አይለይ ይሆናል። እንደሚመችሽ አድርጊው።

ደግሞ «ዕድሜዬ እየሄደ ነው» ያልሽው ነገር አሳቀኝ። በሃያ ስድስት ዓመትሽ! ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ያውም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ሲሠሩ ኖረው።

የአጎትሽን ነገር ሙሉ በሙሉ ጣይው ማለቴም አይደለም። የቤት ገመና የሁሉም ነው፤ አንቺ ብቻሽን የምታዢበት ንብረት አይደለም። እኔም መጽሐፌ ሊታተም ሲል የአክስቴን ልጆች ሰብስቤ አንብቤላቸዋለሁ። አንድ ነገር አውጣ አሉኝ፣ አወጣሁ። ሌላ አውጣ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። አንዷ እስካሁን በደንብ አታናግረኝም። ግን ይሄ የተደረገው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ አባትየው እንደመጣልሽ ይምጣ። ቢሰክርም ይስከር። ሥራውን፣ ከተማውን፣ የልጆቹን ቁጥር በሁለተኛው ረቂቅ ትቀይሪዋለሽ። ያን ጊዜ አጎትሽን ቡና ጋብዢውና ተነጋገሩ።

ምዕራፉ ሲያልቅ ላኪልኝ። በስልክ አይሁን፤ ዓይኔ አይችልም። በወረቀት አሳትሚው፣ ፊደሉን ተለቅ፣ መስመሩን ራቅ ራቅ አድርጊው፤ ኅዳጉንም ሰፋ አድርገሽ ተይልኝ። እርሳስ ነው የምጠቀመው።